ሞክቴል በቤታችን፦ ሎሚው መጀመሪያ፣ አምቦው መጨረሻ

እንግዳ ሲመጣ ለሚጠጣው ምርጫ አለ። ለማይጠጣው ግን ያው «ኮካ ወይስ ፋንታ?» ነው። ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ካፌ ገብቶ ሞክቴል (አልኮል የሌለው ቅልቅል መጠጥ) ማዘዝም ኪስ ይጎዳል፤ ግማሹ ደግሞ በረዶ ነው። ቤት ውስጥ ሎሚ፣ ስኳር፣ ናና እና አንድ ጠርሙስ አምቦ ካለ የካፌውን የሚያስንቅ ነገር ይሠራል። ከታች ያሉት ሁሉ አልኮል የሌላቸው ናቸው። ሁሉም የጾም ናቸው።

ሼከር የሚባለውን የመጠጥ መነቅነቂያ ዕቃ አትግዙ። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የማርማላታ ብልቃጥ ይበቃል። የሻይ ማጥለያ፣ የሾርባ ማንኪያና ረጅም ብርጭቆ ካላችሁ ጨረሳችሁ። ጁስ መፍጫ ለማንጎ ጥሩ ነው። ናና ግን አትክተቱበት፤ ቅጠሉ ተፈጭቶ ይመራል፣ ጥርስ ላይም ይቀራል።

1. ሽሮፑን ቀድማችሁ ሥሩ

ስኳር በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። ብርጭቆው ሥር ይተኛል፤ መጀመሪያ ሎሚ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ስኳር ብቻ ትጠጣላችሁ። ስለዚህ 1 ብርጭቆ ስኳር ከ1 ብርጭቆ ውሃ ጋር እሳት ላይ ጣዱ፤ ስኳሩ እንደሟሟ አውርዱት። ከወረደ በኋላ የተቀጠቀጠ ዝንጅብል ወይም ጠጅ ሳር ጨምሩና ክደኑት። ሲበርድ አጥልሉት። እኔ ለጠጅ ሳር አደላለሁ፤ ዝንጅብል ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይጫናል። ግቢ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ጠጅ ሳር በነፃ ይገኛል። ሽሮፑ በንጹህ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት አይበላሽም።

በማር የሚሠሩም አሉ። ይቻላል፣ ግን የናናውን ሽታ ይውጠዋል።

2. በረዶ

ማታውኑ አዘጋጁ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። በትንንሽ ስኒ የተሠራ ትልልቅ በረዶ ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው። ፍሪዘሩ ውስጥ ሥጋ ካለ በረዶውን ሸፍኑት፤ ሽታ ይስባል።

3. ሎሚ

ከሰፈር ጉልት ስትገዙ ቆዳው ስስ፣ በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚለውን ምረጡ። ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ተጭናችሁ አንከባሉትና ልታቀርቡ ስትሉ ጭመቁ። ልጣጩ እስኪጨረማመት አትጨምቁት፤ ይመራል።

4. አምቦው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አምቦ ጋዝ የተጨመረበት ተራ ውሃ አይደለም። ከመሬት የሚወጣ የማዕድን ውሃ ነው፤ ባይካርቦኔት በብዛት አለው። ቤኪንግ ሶዳ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ የሚሆነውን አይታችሁ ከሆነ፣ እዚህም በመጠኑ ያው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አረፋ ይነሳል፤ ከሎሚው ኮምጣጣነትም ትንሽ ይቀንሳል።

ስለዚህ የውጭ አሠራር እያያችሁ «ሶዳ ውሃ» በሚለው ፋንታ አምቦ የምታደርጉ ከሆነ፣ አሠራሩ ከሚለው ሎሚ ላይ ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ ፍሬ ያህል ጨምሩ። አለዚያ መጠጡ ውሃ ውሃ ይላል። አምቦ በሞላ ብርጭቆ ላይ ደግሞ ሎሚ አትጨምቁ። ገንፍሎ ይፈሳል።

የከተማችን ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት ጋዙ ቶሎ የሚሸሸው ለዚህ ጭምር ነው። መላው ማቀዝቀዝ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝ ይይዛል። አምቦውን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ከሱቅ የመጣ ለብ ያለ አምቦ በረዶ ላይ ብታፈሱት በረዶው ይቀልጣል፣ ጋዙም ያልቃል፤ ሁለቱንም አጣችሁ ማለት ነው።

አቀዳዱ እንዲህ ነው። ሽሮፕ፣ ሎሚና በረዶ ቀድመው ይገባሉ። ብርጭቆውን ጋደል አድርጉና አምቦውን በጎኑ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ግማሽ ላይ ቆም በሉ። አረፋው ሲወርድ ቀጥሉ። ከዚያ ረጅም ማንኪያ እስከ ታች አስገቡና አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ማማሰል የለም።

ብልቃጥ ውስጥ የሚነቀነቀው ጋዝ የሌለው ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከርከዴና አምቦ አንድ ላይ ከድኖ ነቀነቀና ከፈተው። አራት ኪሎ ያለው የኪራይ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ያለው ቀይ ነጠብጣብ እስካሁን አልለቀቀም። አከራይዋም አልረሱትም።

5. ቅልቅሉ

ናና በሎሚ፦ አስር ያህል የናና ቅጠል መዳፋችሁ ላይ አድርጉና አንዴ አጨብጭቡበት። ሽታው የሚወጣው ያኔ ነው። ሙቀጫና ዘነዘና አያስፈልግም፤ ናና እንደ በርበሬ አይወቀጥም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ (የአምቦው ተጨማሪ ታስቦበት ነው)፣ በረዶ፣ አምቦ። በቃ።

ከርከዴ፦ አንድ እፍኝ ደረቅ ከርከዴ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ። የቸኮለ ሊያፈላው ይችላል፣ ግን ጣዕሙ ከረር ይላል። ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ሎሚውን በግማሽ ቀንሱ። የዝንጅብል ሽሮፕ የሚያምርበት እዚህ ነው።

ባለ ሁለት ቀለም፦ የጁስ ቤቱን ስፕሪስ የሚወድ ይህን ይሞክር። ወፈር ያለ የማንጎ ጁስ በሽሮፕ አጣፍጡና ከብርጭቆው ሥር አድርጉ። በረዶ ሙሉበት። ከላይ ስኳር የሌለው ከርከዴ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ስኳር የበዛበት ስለሚከብድ ታች ይቀራል፤ ቀዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከርከዴውን ካጣፈጣችሁት ግን ይቀላቀላል፣ ቀለሙም ይደፈርሳል። ሳይጣፍጥም ቢሆን ብዙ አይቆይም። ፎቶ የሚያነሳ ካለ ቶሎ ያንሳ፤ ሲጠጣ ግን አማስሎ ነው።