ከጉልበት ጉዳት በኋላ ወደ ስኪ ለምትመለሱ

ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ተበጥሶባችሁ በቀዶ ጥገና ለተተካላችሁ የስኪ (በረዶ ላይ የመንሸራተት ስፖርት) ወዳጆች፦ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ወደ በረዶው አትሩጡ። ሕመም ቶሎ ይሄዳል፣ ጡንቻ ግን ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። በጥቅሉ ከቀዶ ጥገናው በኋላ 9 ወር ሳይሞላ ባይሞከር ይመረጣል። እኔ ግን ከወር ቆጠራው ይልቅ ልኬቱን አምናለሁ። ፊዚዮቴራፒስታችሁ የሁለቱን እግሮች የፊት ጭን ጡንቻ ጥንካሬ ያወዳድርላችሁ፤ የተጎዳው ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ ካልደረሰ ቆዩ። ቤት ውስጥም መስታወት ፊት ቆማችሁ በአንድ እግር ቀስ ብላችሁ ዝቅ በሉ። ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ገና ነው።

ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘውን ማሰሪያ ባለሙያ ያስተካክልላችሁ፤ የሚስተካከለው ክብደትን አይቶ ነው፣ ክብደታችሁ ደግሞ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። (ማሰሪያው በዋናነት የተሠራው እግር እንዳይሰበር ነው፤ ለጅማቱ ብዙም ዋስትና አይሆንም።)

ትልቁ ነገር አወዳደቅ ነው። ወደ ኋላ ተንጋልላችሁ ከወደቃችሁ፣ እየተንሸራተታችሁ ለመነሳት አትታገሉ፤ ብዙ ጅማት የሚበጠሰው እዚያች ላይ ነው። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ፣ መንሸራተቱ ራሱ እስኪቆም ጠብቁ። ጭናችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ደግሞ «አንድ ዙር ብቻ» የምትባለዋን ተዉአት።