በአሮጌ ፒክአፕ ላይ የመሪ ዕቃ ሲቀየር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. እስከ 1999 የተመረተው ባለ 75 ሞዴል ቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ፊቱ በባሌስትራና በአንድ ወጥ አክስል ላይ የተቀመጠ በመሆኑ፣ መሪው ለመመርመር አያስቸግርም። ከመሪ ሳጥኑ የሚወጣው ክንድ አንዱን ዘንግ ይገፋል ወይም ይስባል፤ ያ ዘንግ አንዱን ጎማ ሲያዞር፣ በአክስሉ ትይዩ የተዘረጋው ሁለተኛው ዘንግ ሌላውን ጎማ ያስከትላል። በዘንጎቹ ጫፎች ላይ ቴስቲኒ የምንላቸው አራት ባለ ኳስ መገጣጠሚያዎች አሉ። ሁሉም ነገር ከመኪናው ሥር ተንበርክኮ ለሚያይ ሰው ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ «መሪው ላላ» ተብሎ በሚመጣ መኪና ላይ አንድ ዓይነት ጥፋት ሲደጋገም ማየት ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የከፋው፣ ምንም ሳይመረመር በመሪ ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ማስተካከያ ቡሎን ማጥበቅ ነው። ሥራው ካቻቢቴና ቁልፍ ብቻ ስለሚፈልግና ባለቤቱም መሪው ወዲያው የጠነከረ ስለሚመስለው፣ ብዙዎች ጥገናው በዚያ ያለቀ ይመስላቸዋል። የሳጥኑ ጥርሶች ግን ጎማው ቀጥ ባለበት ቦታ ይበልጥ ተጠጋግተው እንዲገጥሙ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ መኪና አብዛኛውን ጉዞውን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድም የሚበሉት በዚያው በመሃል ነው። መሃሉ ያለው ክፍተት እስኪጠፋ ድረስ ቡሎኑ ሲጠብቅ፣ ያልተበላው የግራና የቀኝ ክፍል ከልክ በላይ ይተሻሻል፤ በዚህም ምክንያት መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ መመለስ ያቅተዋል። ከጎሃ ፅዮን ወደ አባይ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ጭነት ይዞ፣ ከእያንዳንዱ ኩርባ በኋላ መሪውን በጉልበቱ የሚመልስ ሾፌር ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ይበቃል። እንዲህ ተጠብቆ ወደ እኔ የመጣ አንድ ፒክአፕ ነበር፤ ሳጥኑ ጤነኛ ነበር፣ ያለቀው ከሳጥኑ ክንድ ጋር የሚገናኘው ቴስቲኒ ነበር። እሱ ተቀይሮ ቡሎኑ ወደ ልኩ ሲመለስ መሪው ተስተካከለ። ሳጥኑ የሚነካው መገጣጠሚያዎቹ በሙሉ ከተፈተሹ በኋላ ብቻ ነው።

ፍተሻውም ቢሆን በክሪክ ተነሥቶ ጎማ በመነቅነቅ አይጀመርም። ጎማዎቹ መሬት ረግጠው፣ ረዳት መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ ሲያመላልስ፣ እጅን በየመገጣጠሚያው ላይ አሳርፎ የትኛው ከጓደኛው ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ መለየት ያስፈልጋል። ክሪክ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፦ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተንቀሳቀሰ፣ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ፤ እንቅስቃሴው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ግን የመታጠፊያው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። ይህን ሳይለዩ፣ በፍጥነት የሚንቀጠቀጥ መሪን በአዲስ የመሪ ሾክ ማስታገስ ሕመሙን መሸፈን ነው።

የድሮውን ቴስቲኒ ለማውጣት የሾጣጣ እግሩን ጫፍ በመዶሻ መቀጥቀጥ ጀማሪዎችን ሁሉ የሚፈትን ነገር ነው። ፑለር (ስቦ ማውጫ መሣሪያ) ከሌለ፣ ዳዶውን አላልቶ እግሩ የገባበትን የክንዱን ጆሮ ከጎን መምታት ይሻላል። ክንዱን በእሳት ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የተጣመመ ዘንግን በእሳት ማቃናትና የተሰነጠቀን መበየድም እንዲሁ።

ሌላው በቸልታ የማላልፈው ነገር፣ የሾጣጣው ቀዳዳ በመበላቱ አዲሱ ቴስቲኒ ሲላላ፣ ቆርቆሮ ቆርጦ በመካከል ማስገባት ነው። ሾጣጣው የሚይዘው ዙሪያውን በሙሉ ከቀዳዳው ጋር ሲጣበቅ ነው፤ ቆርቆሮው በጭነትና በኮረኮንች ይደቃል፣ ዳዶው ይላላል፣ እግሩም ይበጠሳል። መፍትሔው ክንዱን መቀየር ነው። ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ግን ቀዳዳው ያልተበላ ክንድ መፈለግ ይቻላል።

ዳዶው እንዳይፈታ በቴስቲኒው እግር ቀዳዳ የሚገባው ማሰሪያ ሽቦ፣ ኮፒሊያው፣ ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ሲል ዳዶውን መልሶ ማላላት ስህተት ነው፤ ወደፊት ጠብቆ ይገጠም። ያገለገለ ኮፒሊያ ወይም ሚስማር አይታሰርበት።

አንድ ቴስቲኒ ካለቀ፣ እኩል ዕድሜ ያላቸው ሦስቱም በጥንቃቄ ይታዩ። ከመፈታቱ በፊት የዘንጉ ርዝመት ከእግር መሃል እስከ እግር መሃል ይለካ፤ አንደኛው ጫፍ የግራ ጥርስ (በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጠብቅ) ስላለው፣ በግምት የሚገጥም ሰው ጎማዎቹን አጣሞ ይለቃቸዋል። የተለካውም ቢሆን አላይመንት አያስቀርም። ቴስቲኒው ግሪስ ሲሞላ የላስቲክ ሽፋኑ በጥቂቱ ሲነፋ ማቆም ይገባል፤ ከፈነዳ አቧራና ጭቃ አዲሱን ዕቃ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

በመጨረሻም የዘንጉ ማሰሪያዎች ከመጥበቃቸው በፊት ሁለቱ ቴስቲኒዎች ወደ አንድ አቅጣጫ መቀመጣቸው ይረጋገጥ፤ ከዚያ መሪው እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ዞሮ፣ የማሰሪያው ቡሎን ከባሌስትራውም ሆነ ከፍሬን ቧንቧው ጋር አለመነካካቱ ከሥር ሆኖ ይታይ።