«ምንም» የምትባለዋ ቃልና የኛ ዘጋቢዎች

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ከየወረዳው የሚላኩ የሬዲዮ ዜናዎችን ሳርም ዓመታት አለፉ። ዜናው ከመንዝም ይምጣ ከሸዋ ሮቢት፣ ቀይ እስክሪብቶዬ መጀመሪያ የሚያርፈው አንዲት ቃል ላይ ነው። «ምንም»። ሦስት ፊደል ናት፤ ጣጣዋ ግን አያልቅም።

«ምንም ጉዳት አልደረሰም»። ይቺን ራሴው ሠርቻታለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ የጥቅምት ማለዳ ውርጭ ጣለ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አንጎለላ አካባቢ ወዳለ ቀበሌ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ማሳውን ከደጃፉ አየት አድርጎ «ኧረ አረንጓዴ ነው፣ ምንም አልሆነም» አለኝ። በ2 ሰዓት ዜና «ውርጩ በሰብል ላይ ምንም ጉዳት አላደረሰም» ብዬ አነበብኩ። በማግስቱ አንድ አባት በጋቢያቸው ጠቅልለው ከነሥሩ የተነቀለ ባቄላ ቢሮ ድረስ ይዘው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሏል። ጫፉ ጠቁሯል። አበባው ጣት ሲነካው ይረግፋል። «ልጄ፣ ምንም ያልከው ይሄን ነው?» አሉኝ።

ውርጭ የመታው ተክል በማለዳ ደህና ይመስላል። ውስጡ ያለው ውሃ ግን በረዶ ሆኗል። የሚጠወልገውና የሚጠቁረው ፀሐይ ሞቅ ብላ በረዶው ሲቀልጥ ነው። እኔ ፀሐይዋ ሳትሞቅ ጠየቅኩ። ስለዚህ «እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድረስ የታወቀ ጉዳት የለም» በሉ፤ ማን እንደነገራችሁም ጨምሩ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛንም ሲነቀንቀን፣ ንዝረቱ ሳያበቃ «ምንም» የሚል ዜና ይደርሰኝ ነበር። መቼ ዞራችሁ አያችሁት?

ሌላው «ምንም አንል» ነው። የኛ አገር ገበሬ ቤቱ ተቃጥሎም ቢሆን እንዴት ነዎት ስትሉት መጀመሪያ የሚመልሰው «ምንም አንል፣ ተመስገን» ብሎ ነው። ሰላምታ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። አንድ ጀማሪ ልጅ «አርሶ አደሩ ምንም ችግር እንደሌለባቸው ገለጹ» ብሎ ላከልኝ። ቀረጻውን ሰማሁት። አዛውንቱ «ምንም አንል» ካሉ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ስለ ማዳበሪያ ያማርራሉ። ልጁ መቅረጫውን አላጠፋም፤ ያጠፋው ጆሮውን ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እወደዋለሁ። ዜናውን ግን መልሼለታለሁ።

«ምንም ዓይነት የሰው ሕይወት አልጠፋም»። የሰው ሕይወት ስንት ዓይነት አለው? «የሞተ ሰው የለም» በሉና እለፉ።

«ምንም እንኳን ዝናብ ቢዘንብም ነገር ግን…»። «ቢዘንብም» ብቻዋን ትችለዋለች።

«ኃላፊው ምንም ምላሽ አልሰጡም»። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ስንት ጊዜ ደወልክ? አንዴ። መቼ? በምሳ ሰዓት። ታዲያ ሰውዬው ጥያቄው ደርሷቸው ዝም አሉ ወይስ ሽሮአቸውን እየበሉ ነበር? «በምሳ ሰዓት ደውለን ስልካቸው አልተነሳም» ብለህ ጻፍ፤ አድማጭ ይፍረድ። አንዳንዱማ ጭራሽ ሳይደውል ነው የሚጽፋት።

ቃሏን ከግሷ አታርቁ። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ «ምንም» ደግሞ «አል…ም»ን ወይም «የለም»ን ትጠብቃለች። «ምንም በጣርማ በር ዋሻ አቅራቢያ ተገልብጦ በነበረው መኪና ውስጥ በነበሩት ተሳፋሪዎች፣ በሹፌሩና በረዳቱ ላይ…» እያለ ሲሄድ፣ ዘመድ ያሳፈረች እናት ሬዲዮው ሥር ትንፋሿን ይዛ ነው የምትጠብቀው። «ምንም»ን ወደ መጨረሻው አምጧት፤ «ጉዳት» አጠገብ ትቀመጥ።

ስፖርት ላይ «ሁለት ለባዶ»ም «ሁለት ለዜሮ»ም ያስኬዳል፤ በአንድ ዜና ውስጥ ግን አታቀላቅሉ። የግዕዝ ቁጥር እንኳ ዜሮ የለውም። ያ ባለመቅረጫው ልጅ አንድ ቀን ለማስታወቂያ ሰሌዳችን የጨዋታ ውጤት በግዕዝ ቁጥር ሊጽፍ ጀምሮ ባዶው ጋ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ምን ልጻፍ?» አለኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ቀና ሳልል «ምንም» አልኩት።

ስወጣ አየሁት። «፪ ለምንም» ብሎ ጽፏል።