ፎርሃንዳችሁ ጉልበት ያጣው ለምንድን ነው?

በቴኒስ ፎርሃንዱ፣ ማለትም መዳፉን ወደ ፊት አድርጎ የሚመታው ምት፣ አልጠነክር ያለው ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ክንዱን ነው። ፑሽ አፕ ይጀምራል፣ ከበድ ያለ ራኬት ይገዛል። ኳሷ ግን ያው ናት። ጉልበቱ የሚነሳው ከእግር ነው፤ በዳሌና በትከሻ አልፎ መጨረሻ ላይ ራኬቱ ጫፍ ይደርሳል። በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ እጀታው ብዙም አይሮጥም፣ የሚጮኸው ጫፉ ነው። ስለዚህ ችግሩን ከታች ጀምራችሁ ፈልጉት።

«ባለ በሌለ ኃይሌ እመታለሁ፣ ኳሷ ግን አጭር ትወድቃለች»

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መዘግየት ነው። ኳሷ እናንተ ጋ ከነጠረች በኋላ ራኬቱን ወደ ኋላ የምትወስዱ ከሆነ፣ ሰውነት ለመዞር ጊዜ አያገኝም። የሚቀረው ክንድ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ጓደኛችሁ ከጎን ሆኖ በስልክ ይቅረጻችሁ። ቪዲዮውን ኳሷ መሬት ስትነካ አቁሙት። ደረታችሁ ያን ጊዜም ወደ መረቡ ከሆነ፣ ምክንያቱ ተገኝቷል።

መፍትሄው ይኸው። ተጋጣሚያችሁ ሊመታ ሲል ትንሽ ዘለል በሉና በሁለት እግራችሁ እረፉ። ኳሷ ወደ ፎርሃንድ እንደምትመጣ ስታውቁ ራኬቱን ለብቻው አትጎትቱት። ቀኝ እጅ ተጫዋች ከሆናችሁ ግራ እጃችሁ የራኬቱን አንገት እንደያዘ ይቆይ፤ ያኔ ትከሻ ሳይወድ በግዱ ይዞራል። ግራ እጁ ሲለቅም ወደ ጎን መስመሩ ይዘርጋ እንጂ አይንጠልጠል። አርጀንቲናዊው ተጫዋች ሁዋን ማርቲን ዴል ፖትሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ሮጀር ፌደረርን ያሸነፈበትን ጨዋታ ስታዩ፣ ያንን አስፈሪ ቀኝ ክንዱን ለጊዜው ተዉትና ግራ እጁን ተመልከቱ።

አሰልጣኝ «ቶሎ!» ሲል ብዙ ሰው «ቶሎ ምታ» ያለው ይመስለዋል። መፍጠን ያለበት መዞሩ ነው። ምቱ ይደርሳል።

«እዞራለሁ፣ ግን ምቱ ባዶ ነው»

እዚህ ላይ እጃችሁን እጠረጥራለሁ። መያዣውን አንቃችሁ ከያዛችሁ የእጅ አንጓ ይደርቃል፣ ራኬቱም ከእጅ ወደ ኋላ ቀርቶ የመወንጨፍ ዕድል አያገኝም። ያለ ኳስ ሞክሩት። ወንጨፍ አድርጉና «ሽው» የሚለው ድምፅ የት እንደሚሰማ አድምጡ። ከጀርባችሁ ከተሰማ ፍጥነቱን ገና ኳሷ ጋ ሳትደርሱ ጨርሳችሁታል። ጣቶቻችሁን ላላ እያደረጋችሁ ድምፁ ከፊታችሁ እስኪመጣ ድገሙት።

ድምፁ ከተስተካከለ በኋላም ባዶ ከሆነ ኳሷን የምታገኙበትን ቦታ እዩ። ከጎናችሁ ሳይሆን ከፊት እግር ቀደም ብላ መመታት አለባት። ጉልበታችሁም ይታጠፍ፤ ክብደቱ ቀኝ እግር ላይ ይረፍና መሬቱን ገፍታችሁ ተነሱ። ዳሌ ይቀድማል፣ ትከሻ ይከተላል።

«ኃይሉስ አለ፣ ኳሷ ግን ውጪ ነው የምታርፈው»

ይህ የአዲስ አበባ ተጫዋች ዋነኛ ስሞታ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን እንደ ቆላ አይዛትም። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ለከፍታ የተሠራ ኳስ ይፈቅዳል። ያንን ማግኘት ግን ሌላ ራስ ምታት ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ምቱን መሀል ላይ ፍሬን ይይዛል። ይህም ልማድ ሆኖበት ይቀራል። ያው ሰው ዝቅ ያለ ቦታ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሄዶ ሲጫወት ኳሱ መረቡን እንኳ በግድ ያልፋል። ፍሬኑን ተዉት፣ ኳሷን አሽከርክሯት። ራኬቱ ከመምታቱ በፊት ከኳሷ በታች ይውረድና ወደ ላይ እየፈተጋት ይውጣ። መሀል ላይ 91.4 ሳንቲሜትር ከሆነው መረብ አንድ ሜትር ያህል አሳልፏት፤ ሽክርክሪቱ ራሱ ያወርዳታል። አያያዛችሁ ኮንቲኔንታል (ራኬቱን እንደ መዶሻ መያዝ) ከሆነ ይህ አይሳካም፣ ወደ ሴሚ ዌስተርን (መዳፍ ወደ እጀታው ታች ዞር የሚልበት አያያዝ) አዙሩት። የራኬቱንም ክር ውጥረት 2 ወይም 3 ፓውንድ ጨምሮ ማጥበቅ ይረዳል።

«ክርኔን ያመኛል»

አቁሙ። ኃይል መጨመር ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ክራችሁ ፖሊስተር ከሆነ ሳይበጠስም ይደነዝዛል፤ ለክንድም ጠንካራ ነው። ለስለስ ባለ ክር ቀይሩት፣ ጠበቅ ብሎም ከሆነ አላሉት። ሕመሙ ከቆየ ሐኪም ይየው።