የስኪ መታጠፊያና የውስጠኛው እግር፦ ባሕር ዳር አስፋልት ላይ እንዴት ይለማመዱታል?

ባሕር ዳር በረዶ ባይኖርም፣ የስኪ (በረዶ ላይ ለመንሸራተት ከጫማ ሥር የሚታሰር ረጅም ጠፍጣፋ ሰሌዳ) አስተጣጠፍን ጎማዎቹ በአንድ መስመር በተደረደሩበት የስኬቲንግ ጫማ መለማመድ ይቻላል። አስቸጋሪው የውስጠኛው እግር ነው። ወደ ግራ ስትታጠፉ ግራው የውስጥ፣ ቀኙ የውጪ ይሆናል። አብዛኛውን ክብደት የውጪው ይሸከማል፤ ብዙ ጀማሪም በዚህ ምክንያት የውስጡን ይረሳዋል። እሱ ግን የሚዞረው ጠበብ ያለ ክብ ነው፤ በጎኑ ትንሽ ይበልጥ ካልተጋደመ ወደ ውጪው ስኪ ተጠግቶ ጫፎቹ ይጠላለፋሉ።

በማለዳ፣ ባጃጅ የማይገባበት ለስላሳ አስፋልት ፈልጉ። ሐይቁ ዳር ዘንባባው ሥር ደስ ይላል፤ የወደቀው ፍሬና ጠጠር ግን ጎማ ስለሚይዝ አስቀድማችሁ ጥረጉት። ኮብልስቶን አይሞከርም። ክረምት ላይ እርጥብ አስፋልት ጎማውን ወደ ጎን ስለሚያንሸራትት እስኪደርቅ ጠብቁ። ሄልሜት፣ የጉልበትና የእጅ አንጓ መከላከያ ግዴታ ነው።

1. አጥር ይዛችሁ ቁሙ። እግራችሁን በዳሌ ስፋት ከፍታችሁ፣ ቅልጥማችሁ የጫማውን ፊት እስኪጫን ጉልበታችሁን እጠፉ። ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት አንድ ላይ ወደ ግራ አጋድሙ፤ ግራው በትንሿ ጣት፣ ቀኙ በአውራ ጣት በኩል ይቆማል። በየአቅጣጫው 10 ጊዜ ድገሙት። እግር በትንሿ ጣት በኩል መቆም አልለመደምና እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

2. 6 ሃይላንድ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ (ባዶውን ንፋስ ይጥለዋል) በ4 ሜትር ርቀት ደርድሩ። በእግር ጉዞ ፍጥነት በመካከላቸው ተጠማዘዙ።

3. መታጠፊያው ሊጀምር ሲል አዲሱን የውስጥ እግር በግማሽ ጫማ ያህል አስቀድሙ፤ ጉልበቱን ይበልጥ አጥፋችሁ መጀመሪያ እሱን አጋድሙ።

4. የመታጠፊያው መሃል ላይ የውስጡን ጫማ በጣት ውፍረት ከመሬት አንሱ። ወደ ውስጥ ከወደቃችሁ ክብደታችሁ እሱ ላይ ነበር ማለት ነው።

ጉልበቶቻችሁ ከተጋጠሙ የውጪው ብቻ ተጋድሟል፤ በእጃችሁ የውስጡን ጉልበት ወደምትታጠፉበት ገፋ አድርጉት። ትከሻ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ ክብደቱም አብሮ ስለሚሄድ የውጪው እግር ይከዳችኋል፤ ሁለቱን እጆች ከፊት በእኩል ከፍታ ያዙ። የውስጡ እግር ከልክ በላይ ከቀደመ ዳሌ ወደ ኋላ ተቀምጦ ክብደት ተረከዝ ላይ ይወድቃል። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ከዚያ በኋላ አቅጣጫ መቀየር ያቅታል።

በረዶ ላይ ሁለት ነገር ይለያል። ጎማ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ፍጥነት አይቀንስም፣ ስኪ ግን ይቀንሳል፤ ስለዚህ አስፋልት ላይ የተረከዝ ፍሬን መጠቀም አስቀድማችሁ ልመዱ። ሁለተኛ፣ ስኪ ረጅም ነው፤ የወንዶች የስላሎም (በተተከሉ ምሰሶዎች መካከል እየተጠማዘዙ ቁልቁል የሚወርዱበት) ውድድር ስኪ ቢያንስ 165 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ የውስጡን እግር ወደፊት አትግፉት፤ ቁልቁለቱ ራሱ ያስቀድመዋል፣ የእናንተ ሥራ ወደ ኋላ እየሳባችሁ ከሰውነታችሁ ሥር መያዝ ነው።