ቮልሷ ስትሞቅ አልነሳም ካለች፦ ሞተሪኖውን ከመቀየራችሁ በፊት

ጠዋት ቁልፍ ስትነካ ወዲያው ትነሳለች። ከአዳማ ዳገቱን ወጥታ፣ ቃሊቲ ላይ ቆማ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ግን «ጠቅ» ብቻ። ደግማችሁ ብታዞሩም «ጠቅ»። ግማሽ ሰዓት ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች።

እኔም ለወራት ቁልቁለት እየፈለግሁ ነበር የማቆመው። አንድ ኤሌትሪሻን «ሞተሪኖው አልቆለታል» አለኝና ቀየርኩ፤ ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በሳምንቱ ያው «ጠቅ» ተመልሶ መጣ። ገንዘቤን ከስክሼ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ ድምፁን ስሙ

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልነሳ፣ ሞተሪኖውን ተዉት። ምናልባት ቤንዚኑ ፓምፑ ወይም ቱቦው ውስጥ ተኖ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ነዳጅ ቶሎ ይተናል። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጉና ጠብቁ።

«ጠቅ» ብቻ ካለ ወይም ጭራሽ ዝም ካለ፣ ጉዳዩ ከሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ካለው፣ በኤሌክትሪክ ማግኔት ከሚሠራው ማብሪያ) ወይም ወደ እሱ ከሚመጣው ሽቦ ነው። እያቃሰተ በዝግታ የሚያዞር ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

«ጠቅ» ብቻ ሲል

የቮልስ ሞተሪኖ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ በቀኝ በኩል ነው የታሰረው። የቀኙ የጭስ መውጫ ማሞቂያ ሳጥን እዚያው አጠገቡ ያልፋል። እየሄዳችሁ ሳለ ንፋስ አለ፤ ሞተሩን ስታጠፉ ግን ማራገቢያውም ይቆማል፣ የጋለው ብረት ሙቀቱን ወደ ሞተሪኖው ይለቃል። ለዚህ ነው አስር ደቂቃ መቆም ከአንድ ሰዓት መንዳት የሚብሰው።

ሶሌኖይዱ ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ በ100 ዲግሪ ተጨማሪ ሲሞቅ፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ወደ 40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሚስበው ኃይል ይቀንሳል። ግን ጤነኛ ሶሌኖይድ ሙሉ ቮልት ካገኘ ይህን ይችለዋል። ችግሩ ሙሉ ቮልት አለማግኘቱ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ሞተሪኖው እዚያው ቅርብ፤ የቁልፉ ሽቦ ግን ከኋላ ወደ ፊት ሄዶ፣ ባረጀ የቁልፍ ቤት አልፎ፣ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሽቦ በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል።

በግምት አትሂዱ፣ ለኩ። መኪናዋ እንደጋለች ማርሹን ነፃ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ሞተሪኖው ላይ 50 የሚል ቁጥር ያለበት፣ ቀጭኑ ሽቦ የሚገባበት ቦታ፣ ሌላውን ራሱ የሞተሪኖው አካል ላይ ያዙ። ሰው ቁልፉን ያዙር። ባትሪው ላይ 12 ገደማ እያለ እዚህ 8 ወይም 9 ብቻ ካሳየ፣ ሌባው ሽቦው ነው። እኔ ጋ 8.1 ነበር። ባለ 6 ቮልት አሮጌ ሞዴል ከሆነች ቁጥሮቹን በግማሽ አስቡ። እዚህ ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ሶሌኖይዱ ካልሳበ ግን፣ ያኔ ሶሌኖይዱን ብትወቅሱ አልፈርድባችሁም።

መፍትሄው አንድ ባለ 40 አምፔር ሪሌይ ነው፤ በትንሽ ኃይል ተቀስቅሶ ትልቁን ኃይል የሚያሳልፍ ማብሪያ። መጀመሪያ የባትሪውን ማሳ (ወደ መኪናዋ ብረት አካል የሚሄደውን ገመድ) ፍቱ። የድሮውን የቁልፍ ሽቦ ከ50 ንቀሉና ሪሌዩ ላይ 86 የሚል ቁጥር ያለበት ቦታ አስገቡ። 85ን ወደ ማሳ። ከሞተሪኖው 30፣ ማለትም ወፍራሙ ካቦ ከታሰረበት፣ በፊውዝ በኩል ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ወደ ሪሌዩ 30። ከ87 ደግሞ በተመሳሳይ ሽቦ ወደ 50። አሁን የቁልፉ ሽቦ ሪሌዩን ብቻ ይቀሰቅሳል፤ ኃይሉ በአጭር መንገድ ይመጣል። ሪሌዩን ከጋለው ብረት አርቁ። ባትሪው አጠገብ ካደረጋችሁት የባትሪውን ክዳን አትርሱ፤ የወንበሩ ስፕሪንግ ባትሪውን ነክቶ ስንት ቮልስ አቃጥሏል።

ሙቀቱንም ቀንሱ

ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ ነው ይህ የሚመጣው። የማሞቂያ ሳጥኑ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ጋስኬት እዩ። ዙሪያው ጥቁር ጥላሸት ካለ ጭስ ያፈስሳል፤ የጋለ ጭስ በቀጥታ ሞተሪኖው ላይ ሲነፋ የትኛውም መከላከያ አያድነውም። ሞተሩን ከበው የሚሸፍኑት ላሜራዎች የጎደሉ ከሆነም መልሱ፤ ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም።

ከዚያ ስስ የአልሙኒየም ላሜራ በሞተሪኖውና በሳጥኑ መካከል አቁሙ። ሁለቱንም እንዳይነካ የጣት ውፍረት ክፍተት ተዉ። በተለይ 30 ጋ እንዳይደርስ፤ ቢነካ በቀጥታ ሾርት ነው። ሞተሪኖውን በጨርቅ መጠቅለል የሚወዱ አሉ። ዘይት የነካው ጨርቅ ከጭስ ማውጫ አጠገብ? እኔ አልደፍርም።

እያቃሰተ ሲያዞር

ከማሳው ጀምሩ። ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኝ የተጠለፈ ገመድ ከሥር አለ፤ ብዙ ጊዜ ዝጎ ወይም ግማሹ ተበጥሶ ታገኙታላችሁ። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከባትሪው ማሳ እስከ ካምቢዮው አካል ለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ቀይሩት፣ ርካሽ ነው።

ማሳው ደህና ከሆነ ቡሺንጉን (የሞተሪኖውን ዘንግ የሚይዘውን ቀለበት) ጠርጥሩ። የቮልስ ሞተሪኖ ዘንግ ጫፉ የሚያርፈው ራሱ ሞተሪኖው ላይ ሳይሆን ካምቢዮው ውስጥ በተመታች ትንሽ የነሐስ ቡሺንግ ላይ ነው። እሷ ስትበላ ዘንጉ ያጋድላል፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል ጎኑን ይፋቃል፣ ሲሞቅ ይብስበታል። አዲስ ሞተሪኖ ገዝቶ በአሮጌ ቡሺንግ ላይ የሚያስር ሰው ያንኑ ማቃሰት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሞተሪኖው በወረደ ቁጥር ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱት፤ ከክብነቱ ወጥቶ ሞላላ ከሆነ እዚያው አስቀይሩት።