በሊችን የአየር ጥራትን ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሊችን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚፈጥሩት፣ በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ የሚያድግ ሕያው ነገር ነው፤ ሥር የለውም። ውሃና ማዕድን የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከአየር ስለሆነ አየሩ የተሸከመው ብክለትም በቀጥታ ይገባበታል። የፊንላንዱ ተመራማሪ ዊልያም ኒላንደር እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪሱ የሉክሰምበርግ መናፈሻ ያሉትን ሊችኖች አጥንቶ የአየር ጤናማነት መለኪያ መሆናቸውን ጽፏል። በጥድፊያ የሚያያቸውን ግን ያሳስታሉ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት «ሊችን ስለበዛ አየሩ ንጹሕ ነው» ብሎ መደምደም ነው። ዛንቶሪያ የተባለው ወርቃማ ቢጫ ሊችን ናይትሮጅን ይወዳል፤ ናይትሮጅን ያለበት ጋዝ አሞኒያ ከሚወጣባቸው የከብት በረቶች አጠገብ ግንዱን ሁሉ ሊያለብስ ይችላል። ሌካኖራ ኮኒዜዮይደስ የተባለው ደግሞ ብሪታንያ በከሰል ጭስ በታፈነችበት ዘመን ተስፋፍቶ፣ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሲቀንስ ተመናመነ። እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ኡስኒያ ግን ይህን ጋዝ አይችለውም። ስለዚህ ብዛቱን ሳይሆን የትኛው ዝርያ እንዳለና የትኛው እንደጠፋ ይመዝግቡ።

ሁለተኛው ስህተት የማይነጻጸሩ ዛፎችን ማነጻጸር ነው። የጥድ ቅርፊት አሲዳማ ነው፤ የሌሎች ዛፎች ግን እንደዚያ ላይሆን ይችላል። አየሩ አንድ ሆኖ ሳለ ሊችኖቹ ይለያያሉ። በየቦታው አንድ ዓይነት ዛፍ፣ ተቀራራቢ ውፍረት ያለውና ቀጥ ብሎ የቆመ ይምረጡ። የቆሰለ ወይም ያዘመመ ግንድ ይለፉ።

በግንድ ላይ ያለ አረንጓዴ ሁሉ ሊችን አይደለም። ዱቄት የሚመስለው አልጌ ሊሆን ይችላል፤ ጥቃቅን ቅጠሎች ያሉት ደግሞ ሳረንስት ነው። አጉሊ መነጽር ይያዙ።

የትናንቱን ጭስ ዛሬ ግንድ ላይ መፈለግም ከንቱ ድካም ነው። አብዛኞቹ ሊችኖች በዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የሚናገሩት የዓመታትን ታሪክ ነው።

ቤት ውስጥ ሲሆን ስህተቱ ሌላ ነው፤ ሊችን ሰቅሎ መልኩን መጠበቅ። ክፍሉ ደረቅና ጨለማ ከሆነ ቀለሙ ያለ ምንም ብክለት ሊለወጥ ይችላል። ተመራማሪዎች ከንጹሕ ጫካ የተሰበሰበ እንደ ኤቨርኒያ ያለ ሊችን በመረብ ከረጢት ለሳምንታት ሰቅለው የያዘውን ብረታ ብረት በላቦራቶሪ ያስመረምራሉ። ከዚያው ስብስብ ያልተሰቀለ ናሙና ካላስቀመጡ፣ ብክለቱ ከክፍሉ ይሁን ከጫካው መለየት አይቻልም። አንድ ከረጢት ከመስኮቱ ውጭ መስቀልም የውጭውን ድርሻ ያሳያል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ መከታተልን ግን ፈጽሞ ለሊችን አይተዉ፤ በደቂቃዎች ሊገድል ስለሚችል የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይግጠሙ።